ያውቁ ኖሯል? ባት ሲይዝ፣ እግር ሲከዳ

መንገድ ላይ ባቱን የሚይዘው፣ ቆም ሲል የሚለቀው ሰው ሕመሙን ሲናገር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ሪህ ነው»፣ «ነርቭ ነው»፣ «እርጅና ነው በቃ»። የእግር ደም ቅዳ መጥበብ የሚባለውን የሚጠረጥር እምብዛም የለም። ስብና ካልሲየም በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ እየተጋገረ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ያሳንሰዋል፤ በሽታው ይኸው ነው። በዚህ ዓምድ የምናነሳው ግን ደም ቅዳውን ብቻ አይደለም። ጡንቻውን፣ ጉልበቱንና እርምጃውንም ነው። «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2010 በዓለም ላይ 202 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተገምቶ ነበር። ከመቶ ሰባ የሚጠጉት የሚኖሩት በአነስተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ከ2000 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ቁጥሩ በሀብታሞቹ አገሮች ከመቶ 13 ሲጨምር፣ በእኛ ዓይነቶቹ አገሮች ከመቶ 29 ገደማ አድጓል። «የፈረንጅ በሽታ» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

የጥንት ሰውም አላመለጠም። በ2013 የታተመ ጥናት ከግብፅ፣ ከፔሩ፣ ከሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብና ከአሉሽያን ደሴቶች የተገኙ 137 ደረቅ አስከሬኖችን በሲቲ ስካን አይቶ ነበር። ከመቶ 34ቱ ላይ የደም ቅዳ መደደር ምልክት ተገኘ። በርገርም ሲጋራም አያውቁም ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በሽታው ተለይቶ የተገለጸው መጀመሪያ በፈረስ ላይ ነው። በ1831 ዣን ቡሌ የተባለ የፓሪስ የእንስሳት ሐኪም አንድ የጋሪ ፈረስ ትንሽ ሶምሶም ብሎ ሲያነክስ፣ ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሲሆን አየ። ፈረሱ ሲሞት ሲመረመር ወደ ኋላ እግሮቹ የሚሄደው ደም ቅዳ ተደፍኖ ተገኘ። ዣን ማርቲን ሻርኮ የተባለው ዝነኛ ሐኪም በ1858 ተመሳሳይ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገልጽ የፈረሱን ታሪክ አልሸሸገም፤ ለእንስሳት ሐኪሙ የሚገባውን ምስጋና ሰጥቷል። ሐኪሞች እንዲህ ያለ ልግስና ሁልጊዜ አያሳዩም።

ለምን ሲራመዱ ብቻ? የተቀመጠ ሰው የባት ጡንቻ የሚፈልገው ደም ጥቂት ስለሆነ የጠበበውም ደም ቅዳ ያደርሰዋል። መራመድ ሲጀመር ፍላጎቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ደም ቅዳው ግን ከአቅሙ በላይ አያሳልፍም። ጡንቻው ኦክስጅን ሲያጥረው ይጨመደዳል። ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል፤ ሲቀጥሉ እዚያው ርቀት አካባቢ ላይ እንደገና ይይዛል። ዳገት ደግሞ ርቀቱን ያሳጥረዋል። ሜዳ ላይ እንደልቡ የሚሄድ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲል ገና ከመጀመሩ ሊቆም ይችላል።

የሚያመው ቦታ የጠበበውን ቦታ ይጠቁማል። ባት ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ የጭኑ ደም ቅዳ ነው። መቀመጫና ጭን ላይ ሲሆን ችግሩ ከፍ ብሎ ሆድ ውስጥ፣ ዋናው ደም ቅዳ ለሁለት ከሚከፈልበት አካባቢ ነው። ረኔ ለሪሽ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በ1940 እንደጻፈው፣ ይህ የላይኛው መዘጋት በወንዶች ላይ ከእግር ድካም ጋር ስንፈተ ወሲብ ያስከትላል። ብዙ ወንድ ሁለቱን ነገር አገናኝቶ ለሐኪም አይናገርም፤ ሁለተኛውንማ ጭራሽ አያነሳውም።

የወገብ አጥንት ቦይ መጥበብም ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል። መለያው እንዲህ ነው። ደም ቅዳው የጠበበበት ሰው ቀጥ ብሎ ቢቆምም ይለቀዋል። ወገቡ የታመመ ግን ካልተቀመጠ ወይም ወደ ፊት ካላጎነበሰ ብዙም አይሻለውም። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ ግን በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

አሁን ወደሚያስገርመው ነገር እንግባ። በቺካጎ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዶክተር ሜሪ ማክደርሞትና ባልደረቦቿ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው ካለባቸው ሰዎች መካከል ከላይ የተገለጸው ዓይነተኛ የባት ሕመም የነበራቸው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ሲራመድ ምንም የእግር ስሜት የለኝም ያለ ነው። የቀሩት እግራቸው ይከብዳቸዋል፣ ይደነዝዛቸዋል፣ ይዝላል፣ ጉልበታቸውን ወይም ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ የሕክምና መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል ግን አይመስሉም።

«ምንም አይሰማኝም» ያሉት ሰዎች ሲፈተኑ ደህና ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን አልነበሩም። በሽታው ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ በቀስታ ይራመዳሉ፤ በስድስት ደቂቃም ያነሰ ርቀት ይሸፍናሉ። ሕመሙ ያልተሰማቸው አንዱ ምክንያት ሳያውቁት እርምጃቸውን ስላሳጠሩ ነው። ሱቅ የሚላከው ልጅ ነው። ለአንድ ፌርማታ ታክሲ ይያዛል። ሰፈር ውስጥ ያለው ለቅሶ ቤት እንኳ በመኪና ይደረሳል። «እማማ፣ እግርዎን ያምዎታል?» ሲባሉ በእውነት «የለም ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ ከዚህ ጥያቄ ይልቅ የሚከተለው ይሻላል፦ «አምና በእግርዎ የሚሄዱበት፣ ዘንድሮ ግን የተዉት ቦታ አለ?»

ያውቁ ኖሯል? ይህን በሽታ ለመለየት የሚበቃው መሣሪያ የደም ግፊት መለኪያና አነስተኛ የድምፅ ሞገድ ማዳመጫ ነው። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ጤነኛ ሰው ጋ ውጤቱ ከ1.00 እስከ 1.40 ነው። 0.90 እና ከዚያ በታች ከሆነ የእግር ደም ቅዳ ጠቧል ማለት ነው። ክንዱ ላይ 130፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ 90 የተለካ ሰው ውጤቱ 0.69 ነው፤ ይህ ግልጽ በሽታ ነው። መርፌ የለው፣ ጨረር የለው።

ግን ከ1.40 ሲበልጥስ? የምሥራች አይደለም። የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ደም ቅዳ አንዳንዴ በካልሲየም ስለሚደድር መለኪያው ሲነፋ አይጨመቅም፤ ቁጥሩም በሐሰት ከፍ ይላል። ያኔ ግፊቱ የሚለካው በእግር አውራ ጣት ላይ ነው። ዕረፍት ላይ ቁጥሩ ደህና የሆነ፣ ሲራመድ ግን የሚያመው ሰው ደግሞ ካራመዱት በኋላ እንደገና ይለካል።

በጣት ሊዳሰሱ የሚችሉ ሁለት ትርታዎች አሉ፤ አንዱ በእግር መዳፍ ጀርባ፣ ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በስተኋላ። የመጀመሪያው በተፈጥሮ የማይዳሰስባቸው ጤነኞች ስላሉ፣ አጣሁት ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሁለቱም አንድ ላይ ሲጠፉ ግን መመርመር ይገባል።

ስለ ጡንቻው እናውራ፤ ይህን ዓምድ ያጻፈን እሱ ነው። እግርን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፦ ቧንቧው ጠበበ፣ ውኃው አነሰ፣ ቧንቧው ቢከፈት ሁሉ ይስተካከላል። እውነቱ ከዚህ ይወሳሰባል። ጡንቻው በየቀኑ ደም እያጠረው፣ ሲያርፍ ደግሞ ደሙ እየጎረፈለት ሲመላለስ ራሱ ይጎዳል። በሴሎቹ ውስጥ ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች ሥራቸው ይበላሻል። ባቱ ይቀጥናል፤ በቀረውም ጡንቻ መሃል ስብ ይገባል። ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮችም ይዳከማሉ። ደም ቅዳው ዛሬ ቢከፈት እንኳ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይመለስም። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት «አሁንም እግሬ ሰነፍ ነው» የሚል ሰው አላጋነነም።

የቁርጭምጭሚታቸው ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ደረጃ እየወጣ ሌላው ከወንበር መነሳት የሚቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ስለ ደም ቅዳው ይናገራል፤ ስለ ባቱ ግን ብዙ አይናገርም።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባል። በ2011 የታተመ የማክደርሞት ቡድን ጥናት እንዳሳየው በሽታው ያለባቸው ሴቶች የመራመድ ችሎታቸው ከወንዶቹ ፈጥኖ ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ አብዛኛው ልዩነት የመጣው ሴቶቹ ሲጀመር የነበራቸው የባት ጡንቻ ትንሽ ከመሆኑ ነው። በ2010 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የእግር ጉልበታቸው ደካማ የሆኑ ወንዶች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ፤ በሴቶች ላይ ግን ይህ ግንኙነት አልታየም። ለምን እንደተለያዩ የሚሰጠው ማብራሪያ እስካሁን የሚያጠግብ አይደለም።

ሚዛንም ይጎድላል። ባታቸውን የሚይዛቸው ሰዎች ከእኩዮቻቸው ይልቅ የመንገዳገድና የመውደቅ ታሪክ ይበዛባቸዋል። የወደቀ ሽማግሌ ደግሞ ሁልጊዜ «አዳልጦኝ ነው» ይላል።

ለእግር ጉልበትና ለእርምጃ መለኪያው ቀላል ነው። አንዱ የስድስት ደቂቃ ጉዞ ነው፦ 30 ሜትር ገደማ በሆነ ኮሪደር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ በስድስት ደቂቃ የሚሸፈነው ርቀት ይለካል። ሌላው ሦስት ነገር ይፈትናል፦ እግርን አስጠግቶ ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ 4 ሜትር በተለመደ ፍጥነት መራመድ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ነጥቡ ከዜሮ እስከ 12 ነው።

ያውቁ ኖሯል? መራመድ የሚያመውን ሰው «ተራመድ» ብሎ ማዘዝ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሕክምና ነው። ቪልሄልም ኤርብ የተባለ ጀርመናዊ የነርቭ ሐኪም በ1898 ይህን መክሯል። ምክሩ ግን ለረጅም ጊዜ ተረሳ፤ ለአሥርት ዓመታት ሕመምተኛው እንዲያርፍ ነበር የሚነገረው። በ1966 አለን ላርሰንና ኒልስ ላሰን የተባሉ ዴንማርካውያን ነገሩን በሙከራ ፈተኑት። አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ሰባቱ በየቀኑ እንዲራመዱ፣ ሰባቱ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን እንዲውጡ ተደረገ። የተራመዱት የሚሄዱት ርቀት ጨመረ፤ ክኒን የዋጡት ባሉበት ቀሩ። ትንሿ ሙከራ ዛሬም ትጠቀሳለች።

በእርግጥ ማመም አለበት ወይ? ይህን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው በ2021 የታተመው ሙከራ ነው። 305 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ቤቱ እየተራመደ እግሩን እስኪያመው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሳያመው በዝግታ ይራመዳል፤ ሦስተኛው ምንም የተለየ ነገር አያደርግም። ከ12 ወር በኋላ እያመማቸው የሄዱት በስድስት ደቂቃ ጉዞ ወደ 35 ሜትር ጨመሩ። ሳያማቸው የተራመዱት አልጨመሩም፤ እንዲያውም 6 ሜትር ያህል ቀነሱ። ምንም ካላደረጉትም የሚለያቸው ነገር አልተገኘም። ዓመት ሙሉ በምቾት መራመድ ለዚህ በሽታ ከመቀመጥ እምብዛም አልተሻለም ማለት ነው። እኛም ስናነበው ተገርመናል፤ «ራስዎን ሳያስጨንቁ ይንቀሳቀሱ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አይሠራም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባትዎ በደንብ እስኪይዝዎ ይራመዱ። ይቁሙ ወይም ይቀመጡ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ይጠብቁ። ከዚያ እንደገና። ዕረፍቱን ጨምሮ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ሲለምዱትም እስከ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን። ለውጡ በአንድ ሳምንት አይታይም፤ ሐኪሞች የሚያዙት ቢያንስ 12 ሳምንት ነው። ሕመሙ በራሱ እግሩን እየጎዳው እንዳልሆነ ማወቅ ብዙ ሰው ያበረታል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲራመድ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው። ሰውየው ርቀቱን እየጨመረ የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። የጠበበው ደም ቅዳ አልሰፋም። የተለወጠው ጡንቻው ያገኘውን ኦክስጅን የሚጠቀምበት መንገድ፣ የትናንሾቹ የደም ሥሮች የመለጠጥ ችሎታና የአካሄዱ ብቃት ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሐኪም «ለውጥ የለም» ሊል ይችላል፤ ሕመምተኛው ግን መርካቶ ገብቶ ወጥቷል።

ብቻን መራመድ ይሰለቻል። በ2013 በታተመ ሙከራ 194 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ በሳምንት አንዴ በቡድን እየተገናኙ እቅዳቸውንና ችግራቸውን ይወያያሉ፤ በቀሩት ቀናት ሰፈራቸው ይራመዳሉ። ከስድስት ወር በኋላ በስድስት ደቂቃ ጉዞ ከሌላው ቡድን በ53 ሜትር በለጡ። ውድ ማሽን አላስፈለገም። በእድርና በማኅበር ለሚሰባሰብ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለንም።

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ያሏችሁ፦ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ከ2017 ጀምሮ ባቱን ለሚይዘው ሕመምተኛ በባለሙያ ክትትል ለሚደረግ የእግር ጉዞ ሕክምና ይከፍላል፤ በ12 ሳምንት ውስጥ እስከ 36 ጊዜ። የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልጋል። ይህን መብታቸውን ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙ ናቸው።

ክብደት ማንሳትስ? በ2009 የወጣ የ156 ሰዎች ሙከራ አንዱን ቡድን በመራመጃ ማሽን፣ ሌላውን የእግር ጡንቻ በሚያጠነክር የክብደት ሥራ አሠለጠነ። በስድስት ደቂቃ ጉዞ ያሸነፉት የተራመዱት ናቸው። ክብደት የሠሩት ግን ደረጃ መውጣት ቀለላቸው፤ የኑሯቸው ሁኔታም ተሻሻለ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚያዋጣው ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ጊዜ ካጠረ መራመዱ ይቅደም።

ያውቁ ኖሯል? በክንድ የሚዘወር ፔዳልም የእግር ጉዞን ያሻሽላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን አሳይተዋል። እግሩ ምንም ሳይሠራ የሚራመደው ርቀት ይጨምራል፤ ልብና የደም ሥሮች የጋራ ናቸውና። ጉልበቱን በሪህ ለተያዘ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ስንመጣ ታሪኩ ብዙ ነው። በ1948 ዣን ኩንሊን ፓሪስ ውስጥ ከሕመምተኛው ከራሱ እግር የተወሰደ ደም መልስ ተጠቅሞ በተዘጋው የጭን ደም ቅዳ ዙሪያ መተላለፊያ ሠራ። ማይክል ደበኪ ደግሞ በሂውስተን ከተማ ከጨርቅ መደብር ዳክሮን ገዝቶ፣ በሚስቱ የስፌት መኪና ሰፍቶ ሰው ሠራሽ ደም ቅዳ አዘጋጀ። ናይለን ሊገዛ ሄዶ ስላለቀ ነበር ዳክሮኑን የያዘው። ናይለኑ ቢገኝ ኖሮ ውጤቱ ባላማረ ነበር፤ ሰውነት ውስጥ ጥንካሬው አይቆይም።

ጥር 16 ቀን 1964 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት እግራቸው እየሞተ፣ ይቆረጥ ሲባሉ እምቢ ብለው ተኝተው ነበር። ቻርልስ ዶተር የተባለ የራጅ ሐኪም በጭናቸው በኩል ውፍረታቸው የሚጨምር ቱቦዎች አስገብቶ የጠበበውን ደም ቅዳ ከፈተ። ሆድ አልተቀደደም፤ እግርም አልተሰነጠቀም። እሳቸውም ቀሪ ዕድሜያቸውን በገዛ እግራቸው ሄዱ። ዛሬ ለልብ የሚደረገው በፊኛና ስቴንት በሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ የመክፈት ሕክምና ሁሉ የጀመረው ከእኚህ እምቢተኛ አሮጊት እግር ነው።

ስቴንትና መራመድ ቢወዳደሩስ? በ2012 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ደም ቅዳቸው ሆድ ውስጥ የጠበበባቸውን 111 ሰዎች አወዳደረ። ከስድስት ወር በኋላ በመራመጃ ማሽን ላይ ብዙ የቆዩት በባለሙያ ክትትል የተራመዱት ናቸው። ስቴንት የገባላቸው ግን ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ የተሻለ እርካታ ነበራቸው። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ማስረጃ አለው፤ ሁለቱን ማጣመር የሚሉም እየበዙ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና የተሰየመላቸውን ማርሻል ቲቶን ያስታውሷቸዋል? በ1955 ኢትዮጵያን የጎበኙት የዩጎዝላቪያ መሪ በጥር 1980 የግራ እግራቸው ደም ቅዳ ተዘጋ። ደበኪ ራሱ ለምክር ተጠርቶ ነበር። መተላለፊያ ተሠራ፤ አልያዘም። ጥር 20 ቀን እግራቸው ተቆረጠ፤ ግንቦት 4 ቀን አረፉ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ሲጋራም ያጨሱ ነበር።

የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛም በ1948 እግራቸውን ስላመማቸው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጉብኝታቸውን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉ። በመጋቢት 1949 የደም ሥሩን የሚያጠብቁት ነርቮች በወገባቸው በኩል ተቆረጡላቸው፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ነው። ከባድ አጫሽ ነበሩ።

ሲጋራ ከልብ ይልቅ ለእግር ደም ቅዳ ይከፋል። ጎጂነቱ በሁለቱም ላይ የታወቀ ነው፤ ከዚህ በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ይበልጥ የጠነከረ ነው። እዚህ ላይ አገራችን ዕድለኛ ናት፤ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

ስኳር ግን ሌላ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። አመጋገቡና የቀኑ እርምጃ ሲለወጥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ጨመረ። ስኳር የባቱን ሕመም ይደብቃል፤ ነርቩ ስለደነዘዘ ሰውየው አይሰማውም። በመጀመሪያ የሚያየው የማይድን ቁስል ይሆናል።

ጨው ያለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ እግር መንከር? የደነዘዘ እግር ሙቀቱን አይለይም፤ ደም ያነሰው ቆዳ ደግሞ ሲቃጠል በቀላሉ አይድንም። ውኃውን በክርን ይለኩ፤ ከተቻለም ይተዉት። ጥብቅ ካልሲም እንዲሁ። ለደም መልስ ሕመም ይጠቅማል፤ ደም ቅዳው በጣም ለጠበበበት እግር ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ግፊቱ ሳይለካ አይገዛ።

መራመድ የማይታዘዝለት ሰውም አለ። ተኝቶ ሳለ ጣቱን የሚያመው፣ ሌሊት እግሩን ከአልጋ አንጠልጥሎ የሚያድር፣ ቁስሉ የማይደርቅ ወይም ጣቱ የጠቆረ ሰው ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። እግር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣና ከደነዘዘ ደግሞ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው፤ «እስኪነጋ ልጠብቅ» አይባልም። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ባቱን ከሚይዘው ሰው አብዛኛው እግሩ አይቆረጥም፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ድንገተኛ የልብ ሕመምና የአንጎል ምት ነው። የኮሌስትሮልና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚታዘዘውም በዋናነት ለዚያ ነው።

ለእርምጃው ራሱ የሚሰጥ መድኃኒት ጥቂት ነው። ሲሎስታዞል በአሜሪካ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ርቀቱን በመጠኑ ይጨምራል፤ የልብ ድካም ላለበት ሰው ግን ክልክል ነው። በ2025 የታተመ የ792 ሰዎች ሙከራ ለስኳርና ለክብደት የሚወጋው ሴማግሉታይድ ስኳርም የእግር ደም ቅዳ መጥበብም ያለባቸውን ሰዎች የእግር ጉዞ ከመቶ 13 ገደማ እንዳሻሻለ አሳየ። ዋጋው ግን ለብዙ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ኮኮዋም ተሞክሯል፤ በ44 ሰዎች ላይ ጥሩ ነገር ታየ፤ ሙከራው ትንሽ ስለሆነ ግን ቸኮሌት ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

ያውቁ ኖሯል? ከሁሉ የላቀ የተባለው የመድኃኒት ውጤት ውሸት ሆኖ ተገኝቷል። ራሚፕሪል የተባለው የደም ግፊት ክኒን የሕመምተኞችን ጉዞ በእጅጉ እንደሚያራዝም አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት በ2013 በታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በ2015 መረጃው የተፈበረከ መሆኑ ሲታወቅ መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው። ራሚፕሪል ለደም ግፊትና ለልብ ጥሩ መድኃኒት እንደሆነ ይቆያል፤ ለግፊት ታዝዞልዎት ከሆነ አያቋርጡት፤ ባቴን ይለቅልኛል ብለው ግን አይጠብቁት።